ከመንገድ ዳር እስከ ማረፊያ ወንበር፦ የቤቴን መግቢያ ያደስሁበት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ይህን ማስታወሻ የጀመርሁት አንድ ጣሳ ቀለምና ሁለት የአበባ መትከያ ገዝቼ በአንድ ቅዳሜ የምጨርሰው መስሎኝ ለነበረ ሥራ ነው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አክስቴ ባለፈው ሊጠይቁን በመጡ ዕለት ያየሁት ነገር ነው፤ ከደረጃው ግርጌ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ በቀኝ እጃቸው ግድግዳውን ዳሰሱ፣ ከዚያ በኋላ ነበር እግራቸውን ያነሡት። እኔ በሩን ከፍቼ «ይግቡ፣ ይግቡ» እያልሁ ቆሜ ስለ ነበር ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም፤ ማታ ግን ያ ዳሰሳ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፤ የጊዜ ገደቤም እርሱ ነው።

ዛሬ ምንም መሣሪያ አላነሣሁም። ከመሸ በኋላ በሁለት እጄ ዕቃ ይዤ፣ የውጭውን መብራት እንደ ወትሮው አብርቼ፣ ቤቱን አይቶት እንደማያውቅ ሰው ከመንገዱ ዳር እስከ ውስጥ ድረስ ተራመድሁ፤ እርምጃዬ በተገታበት ቦታ ሁሉም በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። አምስት ምልክት ወጣ፦ የቤቱን ቁጥር ለማንበብ የቆምሁበት፣ የመጀመሪያው ደረጃ ያደናቀፈኝ፣ ደወሉን በሐረጉ ቅጠል ውስጥ በእጄ የፈለግሁበት፣ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አልከፈት ያለበት፣ ከገባሁም በኋላ ጫማዬን የማኖርበት የጠፋኝ። ከአምስቱ ቀለምና አበባ የሚፈቱት አንድም አልነበረም። ባለቤቴ በመስኮት ስታየኝ ቆይታ «ጎረቤት ሌባ ነው ብሎ እንዳይጮኽብህ» አለችኝ።

ቀን 2

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። በሜትርና በውሃ ልክ ስለካቸው የላይኞቹ ሁለቱ ከፍታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የታችኛው 19 ሆኖ ተገኘ፤ የሁሉም መርገጫ ጥልቀቱ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። ፍራንሷ ብሎንዴል የተባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ አርክቴክት ደረጃን ከሰው እርምጃ ጋር ያያያዘበት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የከፍታው እጥፍ ከመርገጫው ጥልቀት ጋር ሲደመር አሁን በተለመደው አሠራር ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። የላይኞቹ ደረጃዎች 62 ይሰጣሉ፤ የታችኛው ግን 70 ነው። ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ነው፤ እግር አንዱን ደረጃ ከረገጠ በኋላ ቀሪዎቹን በዓይን ሳይሆን በልምድ ስለሚረግጥ፣ በአንድ መወጣጫ ውስጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያህል የበለጠ መበላለጥ እንዳይኖር የሚያዝዙ የሕንፃ ደንቦች አሉ። የእኔው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሚወጣ ሰው ይህ መደናቀፊያ ሲሆን፣ ሁለት እኩል ደረጃ ወርዶ ሦስተኛውን እንደዚያው አድርጎ ለሚጠብቅ ሰው ግን እግርን ባዶ አየር ላይ የሚያሳርፍ ነው። አክስቴ ግድግዳውን የዳሰሱበትን ምክንያት ያገኘሁ መሰለኝ።

ደረጃው ከመጀመሪያው ተበላሽቶ የተሠራ ነው ብዬ አላማሁትም፤ ሦስቱም አንድ ቀን እኩል ነበሩ። የሰመጠው ከግርጌው ያለው የድንጋይ ንጣፍ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ከጣሪያው የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ አፉ ልክ እዚያው ላይ ያበቃል፤ በየዝናቡ የሚወርደው ውሃ ከንጣፉ ሥር ያለውን አሸዋ ለዓመታት ሲያጥብ ኖሯል። ስለዚህ የመግቢያው እድሳት የሚጀምረው ማንም እንግዳ ከማያየው ከአሸንዳው ነው።

ቀን 6

ቱቦውን በክርን ቅርጽ የታጠፈ መጋጠሚያ ጨምሬ ወደ ጎን፣ ወደ አትክልቱ ቦታ አዞርሁት። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ቀን 7 እና 8

አራቱን የድንጋይ ንጣፎች በብረት ዘንግ እየፈነቀልሁ አነሣኋቸው። ከሁለቱ ሥር እጅ የሚያስገባ ባዶ ጉድጓድ ነበር። የላላውን አፈር ቆፍሬ አውጥቼ ጠጠር በ5 በ5 ሳንቲ ሜትር ድርብ እየጨመርሁ እያንዳንዱን ድርብ በእጅ መደቅደቂያ ጠቀጠቅሁት፤ ጠጠር በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ከላይ ብቻ ቢደቀደቅ ሥሩ ላላ እንደሆነ ስለሚቀር ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ይሰምጣል። በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አነጠፍሁ። ከዚያም ክር ወጥሬ ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አደረግሁ፤ ይህን ያህል ተዳፋት እግር አይሰማውም፣ ውሃ ግን ይታዘዝለታል።

የመጀመሪያውን ንጣፍ ከክሩ ጋር ልክ አድርጌ አሳርፌው በላዩ ብቆምበት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። አነሣሁትና አሸዋውን ጨምሬ ከክሩ ትንሽ ከፍ አድርጌ ካስቀመጥሁት በኋላ በጎማ መዶሻ እየመታሁ ወደ ልኩ አወረድሁት፤ ቀሪዎቹን ሦስቱን በዚሁ መንገድ ሠራሁ። ማምሻውን የታችኛው ደረጃ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቼ አካሄዱን ተመለከትሁ፤ ወደ ግድግዳው የተመለሰ የለም።

ቀን 9

የላይኛው ደረጃ ጠርዝ ተሸርፎ ነበር። የላላውን በመሮ ጠርቤ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ፣ አሮጌውን ኮንክሪት በውሃ አራስሁት፤ ደረቅ ኮንክሪት የአዲሱን ሲሚንቶ ውሃ ስለሚጠጣበት ጥገናው ሳይያያዝ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ቀጭን የሲሚንቶ ዝቃጭ ቀብቼ፣ በላዩ ከአንድ እጅ ሲሚንቶና ከሦስት እጅ አሸዋ የተቦካውን ሞላሁበት። ፊቱን በግንበኛ ማንኪያ ማለስለስ ቢያምረኝም ተውሁት፤ ለስላሳ ጠርዝ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ እርጥብ ሳለ በጠንካራ መጥረጊያ ጎንዮሽ ጫርሁት።

ጥገናው በላስቲክ ተሸፍኖ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚፈጥረው ውሕደት ነውና ፀሐይ ላይ ተትቶ ቶሎ ቢደርቅ ደካማ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ በጓሮ በር ይገባል፤ እንግዳ የሚያስደስት መግቢያ እሠራለሁ ብዬ ባለቤቶቹን በጓሮ ማስገባቴ በዚህ ሳምንት በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል።

ቀን 12

የዛሬው ጥፋት የራሴ ነው። በሩ በቁልፉ በኩል ከላይ መቃኑን ስለሚነካ እንጨቱ አብጧል ብዬ መላጊያ አንሥቼ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ላግሁት። በሩ ተከፈተ፤ እኔም ተደሰትሁ። ከዚያ መላጊያውን ላስቀምጥ ስል በሩን በእጀታው ይዤ ወደ ላይ ብነቀንቀው ተነሣ፤ የላይኛው ማጠፊያ ቪቴዎች በላላ ቀዳዳ ውስጥ ይዋኙ ነበር። በሩ አላበጠም፣ ዘምሟል እንጂ። መጀመሪያ መነቅነቅ፣ ከዚያ መላግ ነበር የሚገባኝ።

ቪቴዎቹን በካቻቢቴ ነቅዬ ቀዳዳዎቹን ራሳቸው በተቆረጠ የክብሪት እንጨቶችና በእንጨት ኮላ ጠቀጠቅኋቸው፤ አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ ትርፉን ቆርጬ ቪቴዎቹን መልሼ አሰርሁ። ከእነርሱ አንዱን ግን በረጅም ቪቴ ለውጬ ከመቃኑ አልፎ ከኋላው ያለውን እንጨት እንዲይዝ አደረግሁት። አሁን በሩ በአንድ ጣት ይከፈታል፤ ሳያስፈልግ በላግሁት በኩልም ብርሃን ያሳያል። ክፍተቱን የሚሸፍን የጎማ ጥብጣብ መግዛት ግድ ሆነብኝ። ቁልፉ በደረቅ የግራፋይት ዱቄት ለሰለሰ፤ ዘይት ከቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ አቧራ ሰብስቦ ኋላ ስለሚያጣብቅ አልተጠቀምሁም።

ቀን 15 – 19

ቀለም። በመጀመሪያው ቀን ሥራው በሙሉ ይኸው መስሎኝ የነበረው ነገር አሁን ገና ደረሰ።

አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አዲስ መደረብ ብዙ ልፋት ያባክናል። ጥጥ በአልኮል ነክሬ አንድ ጥግ ላይ አሸሁት፤ የውሃ ቀለም ቢሆን ኖሮ ይለሰልስና ጥጡን ያቀልም ነበር፣ ይህ ግን አልተነካም፣ ስለዚህ የዘይት ቀለም ነው። በዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም በቀጥታ ከተቀባ ለጊዜው ያማረ ይመስልና በጥፍር ሲጫር እንደ ላስቲክ ይገፈፋል፤ መሐሉ ላይ የሚያያይዝ ፕራይመር የግድ ነው። በሩ አሮጌ በመሆኑ የታችኞቹ የቀለም ድርቦች የእርሳስ ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል በሚል አስቀድሜ በመመርመሪያ ፈተንሁት፤ ባይገኝበትም ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራስሁ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ልጆችን አርቄ ነው የፈገፈግሁት። የእርሳስ አቧራ ይበልጥ የሚጎዳው ሕፃናትን ነውና ማዕድኑ ከተገኘ ፍግፈጋውን ትቶ የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

የቀለሙን ዓይነት ለመምረጥ አራት ካርቶን ቀብቼ በሩ ላይ እያንጠለጠልሁ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ምሽት አየኋቸው። እኔ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላውን ወድጄ ነበር። በራችን ግን ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀቱን ስለሚውጥ እንጨቱ በየቀኑ እየሰፋና እየጠበበ የቀለሙን ፊት ይሰነጣጥቀዋል። ባለቤቴ የመረጠችው መካከለኛ አረንጓዴ ከግራጫው ግድግዳ ላይ ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ በደንብ ይለያል፤ እንግዳ «የቱ ነው መግቢያው?» እንዳይል የሚያደርገው ይህ መለያየት እንጂ የቀለሙ ድምቀት አይደለም። ተሸነፍሁ፤ ደግሞም ልክ ነበረች።

የበሩ አንድ ገጽ 2.1 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 2 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ አንድ ሊትር ቀለም እንደየዓይነቱ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናልና ለሁለት ድርብ አንድ ሊትር እንኳ ይተርፋል። የቀባሁት ጎድጎድ ያሉትን ሰሌዳዎች አስቀድሜ፣ ከዚያ አግድም እንጨቶቹን፣ በመጨረሻ ቋሚዎቹን ነው፤ እንዲህ ሲሆን የብሩሹ ፈለግ የእንጨቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ ያልቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይታየው ጠርዝ ነው። የበሩን የላይኛና የታችኛ ጠርዝ ከዚህ በፊት ማንም ቀብቶት አያውቅም ነበር፤ የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይስባል፣ በዝናብ ወራት የሚያብጡ በሮች ብዙ ጊዜ እርጥበቱን የሚስቡት በዚሁ በኩል ነው። በሩን ከማጠፊያው አውርጄ ሁለቱንም ሦስት ጊዜ ቀባኋቸው።

ቀን 24

የድሮው አምፖል ከበሩ አናት ላይ፣ ያለ ምንም መሸፈኛ፣ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይረጭ ነበር። ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን የሰውን ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይከታል፤ በውስጥ ያለው ሰው የመጣውን አይለይም፣ በውጭ ያለውም የቁልፉን ቀዳዳ በራሱ ጥላ ይጋርደዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ አዲሱን መብራት በእጀታው በኩል ከበሩ ጎን፣ ከመሬት 170 ሳንቲ ሜትር ላይ አስገጠምሁ። የውሃ ፍንጣቂ የሚችል፣ አይፒ44 የሚል ደረጃ ያለው ነው፤ ከጣሪያ ውጭ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ቢሆን ግን አይፒ65 እመርጥ ነበር።

አምፖሉን 2700 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለውን መረጥሁ። ለዓይን ከማስደሰቱ ሌላ፣ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን የሌሊት ነፍሳትን ይበልጥ ስለሚስብ በሩ ላይ የሚርመሰመሱት ቀነሱ። መጠኑን ግን አበዛሁት፦ 800 ሉመን ያህል አስገብቼ ከመንገዱ ብመጣ ዓይኔ ፊት ለፊት ተመታና ደረጃው ጭራሽ ጠፋኝ። ብርሃን መጨመር ማየትን እንደሚቀንስ በመጽሐፍ ከማንበብ በራስ ደረጃ ላይ መደናቀፍ የበለጠ ያስተምራል። በ450 ሉመን ለውጬ ደብዛዛ ብርጭቆ ስሸፍንበት ሦስቱም የደረጃ ጠርዞች ተለይተው ወጡ። በተጨማሪም እያንዳንዱን ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነጣ ያለ መሥመር ቀባሁት።

የቤቱን ቁጥር በዚሁ ብርሃን ሥር አዛወርሁ። የቀድሞው በቡኒ እንጨት ላይ የተለጠፈ 4 ሳንቲ ሜትር የነሐስ ቁጥር ነበር፤ በቅርብ ሲያዩት ያምራል፣ ከመንገድ ግን የለም። አዲሱ 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ነው። የደወሉን ቁልፍ ከሐረጉ ሥር አውጥቼ በእጀታው በኩል 110 ሳንቲ ሜትር ላይ ተከልሁት፤ ልጅም አዋቂም ሳይንጠራራ ይደርስበታል።

ቀን 29

የእጅ መደገፊያው ከብረት ሠሪው መጣ፤ ቁመቱ ከደረጃው ጠርዝ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ለጭብጥ የሚሆን ክብ ቱቦ ነው። ፀረ ዝገት ቀብቼ ተከልሁት። ከመጀመሪያው ደረጃ ጠርዝ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ልኩን አስለክቼ ማሠራቴን እዚህ ላይ በኩራት መዝግቤዋለሁ።

ቀን 33

ውስጡ 1.4 ሜትር በ2.6 ሜትር የሆነ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከመግዛት በፊት ማውጣት ነበረብኝ፤ ከበሩ ጀርባ የነበረው የጫማ መደርደሪያ በሩ ከግማሹ ጥቂት አልፎ እንዳይከፈት ያግደው ነበር፣ እኛም ጎናችንን አዙረን መግባት ለምደነው ኖረናል። እርሱን ወደ ውስጠኛው ክፍል አሳልፌ፣ በሩ ሲከፈት በማይነካው በኩል 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሥሩ ለጫማ ክፍት የሆነ አግዳሚ ወንበር ሠራሁ። ከዚህ ዝቅ ያለ ወንበር ጉልበቱ ለደከመ ሰው ለመቀመጥ ይመች ይሆናል እንጂ ለመነሣት ያስቸግራል። የኮት መስቀያዎቹን ለአዋቂ 160፣ ለልጆች 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ተከልሁ።

ከመስቀያዎቹ ሦስቱን ባዶ እንተዋቸው ብዬ ለቤተሰቡ ለመንሁ። በቤተሰቡ ልብስ የተሸፈነ መስቀያ ፊት የሚቆም እንግዳ ኮቱን በክንዱ ይዞ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ባዶ ኩላብ ሲያይ ግን ማንም ሳይነግረው ይሰቅላል። ለሁለት ቀን ያህል ተከብሮልኛል። መስታወቱን ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ግድግዳ ላይ አደረግሁት፤ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚያገኙት የራስን ድንጉጥ ፊት መሆኑ ደስ አይልም።

ምንጣፉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጻፍ፦ ሁለት ያስፈልጋሉ። የውጭው ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ሻካራ፣ ጭቃ የሚፍቅ ነው፤ የውስጡ እርጥበት የሚጠጣ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈትና ከሥሩ ያለው ክፍተት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የውስጡን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ ጀርባው ጎማ የሆነውን መረጥሁ።

ቀን 37

አበባ፣ በመጨረሻ። ሁለት መትከያ ላቬንደር፤ የምዕራቡን ፀሐይ ይወዳል፣ ልብስ ሲነካውም ይሸታል። ከመትከያው ሥር ውሃ ያንጠፈጥፋል ተብሎ የሚደረገውን ጠጠር አላደረግሁም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አያልፍም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፣ እርጥቡንም ክፍል ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ባለፈው ተክል የገደልሁት እንዲህ ተጠንቅቄ ነው። የሚያስፈልገው የሚያሳልፍ አፈርና ከታች የተበሳ ቀዳዳ ነው። መትከያዎቹን መጀመሪያ ለውበት በበሩ ግራና ቀኝ ባደርጋቸው መተላለፊያው ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ጠበበ፤ አክስቴን ክንዳቸውን ይዞ ጎን ለጎን ለመሄድ 120 ያህል ስለሚያስፈልግ ሁለቱንም በአንድ ወገን ደረደርኋቸው። ሚዛኑን የሳተ ይመስላል፤ ያልፋሉ ግን።

ቀን 42

አክስቴ ማምሻውን መጡ። መብራቱ በርቶ ነበር፤ እኔም በዚህ ጊዜ በር ላይ ቆሜ ከመጥራት ይልቅ ከመንገዱ አብሬያቸው መጣሁ። ቁጥሩን ከሩቅ አነበቡት። ንጣፉን አልፈው ከደረጃው ግርጌ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆም አሉና ቀኝ እጃቸውን እንደ ቀድሞው ዘረጉ፤ መደገፊያው ከዚያ አንድ ጫማ ያህል ወደ ፊት ነበር፣ እጃቸው አየር ጨበጠ። «ብረቱ አርፍዶ ይጀምራል» አሉኝ እየሳቁ፣ ክንዴን ይዘውም ወጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያወልቁ ግን ማንንም አልጠየቁም፤ ኮታቸውንም ራሳቸው ሰቀሉ።

ሰው መደገፊያ የሚፈልገው ደረጃው ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን ለመውጣት ሲያስብ ነው፤ ለሁሉም ሰው የሚመች መወጣጫን የሚመለከቱ ደንቦች መደገፊያው ከደረጃው በፊትና በኋላ 30 ሳንቲ ሜትር ይርዘም የሚሉት ለዚህ ነው። አንብቤውም ነበር፤ ለሦስት ደረጃ ይበዛል ብዬ ተውሁት። እራት ሳይቀርብ ወጥቼ እጃቸው የተዘረጋበትን ቦታ ንጣፉ ላይ በጠመኔ አሰመርሁ፣ ቱቦውንም ለካሁ። የጎደለው 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ነገ ጠዋት ብረት ሠሪው ዘንድ እሄዳለሁ።